ቀሪው እጅ

ጀልባዋ ወደብ ላይ፣ ሆዷ ተከፍቶ፣
ማርሚታዋ ወርዶ፣ ቴስታታዋ ወጥቶ፣
ጋሽ ባይለየኝ ተንበርክከው፣ እጅጌ ጠቅልለው፣
ከፒስተኑ አናት ላይ ጥላሸት ፈልፍለው፣
በመዳፍ አሳዩኝ፦ «አየሽው? ይኼ ነው
ውጣ ሲባል የቀረው።»

እኔ ከፖሊ ነኝ፤ መዝገብ ይዣለሁ፤
ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ በአንገቴ አንጠልጥያለሁ፤
የመጣሁት ልገምት አንዲት ትንሽ ቁጥር፦
ጭሱ ወጣ ተብሎ ሲዘጋ የቫልቩ በር፣
ከመቶው ስንት እጁ ነው ሲሊንደር ውስጥ የሚቀር?

ፒስተን የቱን ያህል ሽቅብ ቢሰደድ፣
ጣሪያውን አይነካም፤ ከነካማ ጉድ!
እዚያች ጠባብ ጓዳ፣ ከክዳኑ ሥር፣
ያለፈው እሳት ትንፋሽ ሳይወጣ ያድር።
ከዚያ አዲሱ አየር፣ የሐይቁ፣ የጧቱ፣
ዘው ብሎ ሲገባ ባዶ መስሎት ቤቱ፣
ያገኘዋል ቁጭ ብሎ፦ ሙቅ፣ የደከመው፣
የማይነድ፣ የማያነድ፣ ቦታ ብቻ የሚይዝ
(ግን በብርድ ማለዳ፣ ሞተሩ ሲያንገራግር፣ እሱም ነው የሚያግዝ)።

ቀመሩ አጭር ነው። የመግቢያው ግፊት፣
የመውጫው ግፊት፣ የጭሱ ሙቀት፣
የመታመቂያው ልክ፣ አንድ ለአሥራ ሰባት።
አጭር ነው፤ ግን አንድ እምነት ይጠይቃል፦
የሚገባው አየር የነበረውን ጭስ ሳይነካካ ገፍቶ ያስወጣዋል፣
ወይስ ይቀላቀላል?

ሰውዬው ሳቁ። ጨርቃቸውን ጨመቁ።
በጣት ጠቆሙኝ፣ ከእምቦጩ ማዶ፣ ወደ ጥልቁ።
«ግልገል ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል፣ አይቀላቀልም ሲሉ
አልሰማሽም? እናቴም ትለው ነበር፤ ይበሉ!
እኔ ግን ነሐሴ ላይ ከመሐል ቆሜያለሁ፤
ሞተር አጥፍቼ በባልዲ ቀድቻለሁ፤
ደፍራሹን ከጥሩው መለየት አቅቶኝ ጠጥቻለሁ።
ይቀላቀላል፣ ልጄ። የገባ ይቀላቀላል።
ዓባይም ሲወጣ የአምናውን ሐይቅ ይዞ ይሄዳል፤
ሁሉንም ግን አይወስድም።»

ይህን አልጻፍኩትም። ጽፌ ሰረዝኩት።

ማታ ገጥመን አስነሣናት። ጥቁር አስላች፤ ከዚያ ግራጫ፤
ከዚያ ምንም። ጋሽ ባይለየኝ ጠጋ አሉ ወደ መውጫ፤
ቱቦውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ዳበሱት፤
ጆሯቸውን አዘንብለው እንደ ሐሜት ሰሙት።
«ከሃያው እጅ አንዱ» አሉ።

የእኔ ስሌት ግን ዘጠኝ አወጣ ከመቶ።
ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ ዘጠኝ። የወደቡ ዘበኛ ተኝቶ፣
ጉማሬ ከደንገሉ ውስጥ ሲያናፋ ሰምቼ፣
ንጋት ላይ ገባኝ፣ ሽቦውን አውጥቼ፦
ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። ጥላሸት ሙቀት ይሸሽጋል፤
የጋለውን ጭስ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይዋሻል፤
ጭስ ደግሞ ከቀዘቀዘ፣ በዚያችው ጓዳ ብዙው ይታጨቃል፤
ቁጥሬም በውሸት ያብጣል።
ጠረግሁት።
አምስት ነጥብ ሁለት።

«ነጥብ ሁለቷን ከየት አመጣሻት?»
አሉኝ፣ መዝገቤ ላይ ጎንበስ ብለው አንብበው፣
አውራ ጣታቸውን ከቁጥሩ ጎን አሳርፈው።

ጀልባዋ ወደ ዘጌ ሄደች፣ ሦስት ሰው፣ ባዶ ኬሻ፣ አንድ ፍየል ጭና፤
ጭሷ ውሃው ላይ ትንሽ ተንሳፍፎ ጠፋ፤ እንደገና
ቱግ አለ ከማዶ።

ሰኞ አማካሪዬ ገጹን ገልጠው፣ መነጽር አውልቀው፣
«ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አሉ፣ በጥፍር ፈቅፍቀው።
አልለቀቀም።
«እሱ» አልኳቸው፣ «ቀሪው እጅ ነው።»