የፍየል በር

አራት መቶ ሰማንያ ፍራንክ ቆጥሬ
የአራት ቀን መንገድ ገዛሁ፤
ከሲዮን ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ፣
ከእንፋሎቱ ሥር ወጣሁ።

ሌ ዞደር፣ አውቶቡሱ በሚያልቅበት መንደር፣
መሪያችን ሶላንዥ ስም ስትጠራ
«ቢያድግልኝ» አፏ ውስጥ አልዞር ቢላት
ከወገቡ ቆረጠችው፤ «ቢያ!» አለች።
ሦስት ቀብራ አራተኛውን የፈራች እናቴ
ስም ብላ የሰጠችኝ ስለት
«ቢያ» ላይ ተንጠለጠለ፤
ማደጌም ቀረ፣ «ልኝ» ያለችውም ቀረች።

ስድስት ነን። ከጌንት የመጣ የጥርስ ሐኪም፣ ሊቨን፤
ከፍሪስላንድ ሁለት እህትማማች፤
አንድ ኩርፍተኛ ጎረምሳ ከነአባቱ።
ሁሉም ቦርሳውን አንግቶ ሲነሣ
እኔ ዞር ብዬ በቅሎዎቹን ፈለግሁ።
ልማድ ነው፤ ደባርቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት
የፈረንጅ ጓዝ ስጭን፣ ድንኳን ስተክል ኖሬ
ተራራን የማውቀው ከኋላ ነው፣
ከበቅሎ ጭራ ወዲህ።

እዚህ ቢጫው ምልክት ርቀት አይጽፍም፣
ሰዓት ነው የሚናገር፤
«አሮላ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ»፤
በማን እግር?
እኛ ዘንድ «እዚህች ጋ ናት» ይሉሃል፣
አዝነውልህ ይዋሻሉ፤
እዚህ እውነቱን በደቂቃ ይነግሩህና
ጉልበትህ ይዋሻል።

ከጥዱ በላይ ጥቋቁር ላሞች፣
አጫጭር፣ ደንዳኖች፣
ግንባር ለግንባር ገጥመው አፈር ይዝቃሉ።
የበሬ ጠብ ነበር የማውቀው፤
በዚህ ሸለቆ የሚነግሠው ላም ነው።
መንገዱን እስኪለቁልን ቆምን።

ሁለተኛው ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣
ውኃ ላፈላ ተነሣሁ፤ ምድጃው የራሴ አልነበረም።
ጨርቄን ይዤ ደጃፉ ላይ
የስድስቱንም ጫማ ጠርጌ ጥንድ ጥንድ ደረደርሁ፣
አፉን ወደ መንገድ አዙሬ።
ሶላንዥ በፋኖስ አገኘችኝ፤
«አንተ እኮ ከፍለሃል፤ ተኛ!» አለች።
ከፍሎ መተኛትን ማን አስተማረኝ?

ሦስተኛው ቀን፣ በሩ።
የፍየል በር ይሉታል፤ ፍየል የለም።
ጣፋ የለው፣ ደፍ የለው፤
ወዲያ ማዶው ገደል፣
ገደሉ ላይ የተቸነከረ የብረት መሰላል፣
ከታች የበረዶው ግግር፣ ግራጫ፣
እንደ አሮጌ ዝሆን ቆዳ የተሸበሸበ።

ሊቨን ሦስተኛው እርከን ላይ ቀረ።
እጁ ብረቱን ያዘ፣ ብረቱም እጁን ያዘ፤
ስንት መንጋጋ የነቀለ ክንድ ተብረከረከ።
ሶላንዥ ከላይ ገመዱን ወጥራ
በፈረንሳይኛ ትለምነዋለች፣
እሱ በፍላማንኛ ለፈጣሪው ይመልሳል።
እኔ ከሥሩ ነበርሁ።
ቁርጭምጭሚቱን ያዝሁ፣
የቦራዬን ኮቴ ከድንጋይ እንደማላቅቅ፤
«ቀስ… ቀስ… እሰይ፣ የኔ ልጅ» አልሁት
በአማርኛ፤ በቅሎ የገባት ቃል
ሐኪምስ እንዴት ያቅተዋል?
አንድ እርከን። ጫማውን አኖርሁለት።
ሌላ እርከን።

ታች ደርሶ አላመሰገነኝም።
ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ላጠ፣
ግማሹን ዘረጋልኝ፤
ጣቱ ገና ይርገበገብ ነበር።
ሶላንዥ ወርዳ «ሙሉ ስምህን በለኝ» አለች።
አልኋት። ሞከረችው፤
«ቢያ-ድግ…» ብላ «ግ» ላይ ትንፋሽ አጠራት፤
ሳቀች፤ ቀሪውን ለነገ አሳደረችው።

ማታ፣ ግግሩን ተሻግረን ካደርንበት ጎጆ፣
መዝገብ አቀረቡልን፤ ስም፣ ከየት፣ ወዴት።
ስሜን በስድስት ፊደል ጻፍሁ፣ ሳልቆርጥ።
«ከየት»፤
በዚህ አገር ስንቴ ተጠይቄአለሁ፣
በመስኮት፣ በወረፋ፣ በአሳንሰር ውስጥ፤
ዛሬ ጧት ከየት ተነሣህ ለማለት ብቻ ሲሆን
ይህ መጀመሪያዬ ነው።
«ከአሮላ» ብዬ ጻፍሁ፤ እውነት ነበር።

«ወዴት» ላይ እስክሪብቶው ቆመ።
የጎጆው ጠባቂ ሳህን እያደረቀ
«ጻፈው እንጂ» አለኝ፤ «ካልደረስህ
በየት በኩል እንፈልግህ?»

ከላይ ሊቨን ያንኮራፋል።
ጻፍሁ።