ድምፅ እና ድምጽ

ወይዘሮ ጸዳለ የአባታቸውን ሱቅ ይዘው መጡ፣
በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።
ፈታሁት፤ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ከመዳፌ የማይበልጥ፣
ጥግ ጥጉ የተላላጠ።

ዶሮ ማነቂያ ነበር ሱቁ፣ ዶዘር ሳያልፍበት፣
ጋሽ ይርዳው ቴፕ ደቅነው፣ ሰው በሽልንግ የሚናገርበት፤
መጻፍ የማይችል ሁሉ ደብዳቤውን በአፉ አስቀድቶ
ለጅዳ፣ ለአሰብ፣ ለጎዴ ይልካል፣ ፖስታ አሽጎ።
እሳቸው ግን ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ያስቀሩ ነበር፤
«ቴፕ ካሴት ይበላል» እያሉ፣ «ፖስታም ይበላል በአገር።»

«አሳንስልኝ» አሉ ልጃቸው፣ «ስልኬ ውስጥ እንዲገባ፤
ዋናውን ከዚያ አጥፋው፣ ቦታ ይዞ ምን ሊረባ?»

ከፈትኩት።
ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ እንደዚያው እንደ ሰፈሩ፣
ግቢ ከግቢ ጀርባ፣ እየጠበበ በሩ፤
«፸፰ ዓ.ም» ውስጥ «ሐምሌ»፣ «ሐምሌ» ውስጥ «ያልተወሰደ»፣
ከ«ያልተወሰደ» ሆድ ደግሞ «አዲስ ፎልደር ፪» የተወለደ።
አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት፤
በእጅ አንድ በአንድ ቢሆን፣ እሸብት ነበር እዚህ ቤት።

ጥቁሩን መስኮት ገለጥኩ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣
እንደ ደጅ ጠኚ፣ ቃል እስኪወጣኝ አይቀመጥም።
«ከዚህ ጀምር» ብዬ ጻፍኩ። «በር ባገኘህ ቁጥር ግባ፣
ውስጡ ሌላ በር ካለ፣ በዚያም ዝለቅ፤
ስሙ ድምፅ የሚል ካየህ አሳንሰው፣ ከቦታው ግን አታርቅ።
ለዛሬ አትሥራ ግን። ልትሠራ ያሰብከውን ንገረኝ ብቻ።»

ነገረኝ።
«እማማ» የሚባል የለም አለ። «ዘውዴ» የሚባልም የለም።
ፋይሉ «እማማ ዘውዴ» ነበር፤
መሐሉ ያለው ክፍተት ሴትዮዋን ለሁለት ቆርጧት ሲያበቃ፣
ጥቅስ ምልክት ደረብኩላት፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ጋቢ፤
ያኔ ሙሉ ስሟን ጠራ።

ማታ ለቀቅኩት። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መኪና ሳሳ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ዘጠኝ ላይ ተነሣ፤
«የተሠራውን እለፍ» የሚል አንድ መስመር ስለነበረኝ
ካቆመበት ቀጠለ፣ እኔንም ሳይቀሰቅሰኝ።

ሲነጋ ቆጠርኩ፦ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት።
ግማሹ የት ገባ? ስህተት የለም ይላል፣ ጨርሻለሁ ይላል በኩራት።
ዓይኔን እያሸሁ ስወርድ፣ ፎልደር በፎልደር፣ ሳነብ፣
አገኘሁት፦ ጋሽ ይርዳው አንድ ቀን በፀሐዩ «ፀ»፣
አንድ ቀን በጸሎቱ «ጸ»፣ እንደ ብዕራቸው ሲጽፉ ኖረው፣
ልጃቸውም ከካሴቱ ልጣፍ እንዳለ ገልብጠውት ኖሯል።
ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው፤
ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሲያጥፍ ያደረ፣
አንድም ቀን ድምፅ ሰምቶ አያውቅ።

ደወልኩላቸው፤ ሳቁ። «እኔስ ብትል!
በመታወቂያ በጸሎቱ፣ በባንክ ደብተር በፀሐዩ፤
ስንት ወር አመላለሱኝ መሰለህ፣ እኔ መሆኔን እስኪያዩ።»

ሁለቱንም «ጸ» ጻፍኩለት። ሁሉም ገቡ።

ከ«ያልተወሰደ» አንዱን ከፈትኩ፣ እንዲሁ፣ ለመፈተሽ፣ ዋናውን፦
«ይቀዳል?» «ይቀዳል፣ ተናገር» ይላሉ ጋሽ ይርዳው።
ከዚያ ትንፋሽ። ወንበር ሲንቋቋ። ትንፋሽ። ደጅ ዝናብ።
ሽልንጉን ከፍሎ ምንም ሳይል ካሴቱ አለቀ።
ያነሰውን ከፈትኩ፦
«ይቀዳል?» «ይቀዳል፣ ተናገር»፤ ከዚያ ባዶ፣ ጸጥ።
ጆሮ አይፈልገውም ያለውን ይጥላል፣ ማሳነስ ማለት ያ ነው።

የመጨረሻው መስመር ይጠብቃል፦ «ዋናውን አጥፋ።»
ፊቱ ላይ መሰላል ምልክት አቆምኩበት፤
መሰላል ያለበትን መስመር ማሽኑ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።
ለወይዘሮ ጸዳለ
ሌላ ዲስክ ከራሴ ኪስ እገዛለሁ፤
ለምን እንደሆነ ገና አልነገርኳቸውም።