ከፀሐይ በፊት የሚቆረጥ

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ባትሪ ግንባሬ ላይ፣
ቢላዬን ስሞርድ ሳትነቃ ፀሐይ፣
ቡደያ ተኝታ፣ ባሕሩ ሲያንኮራፋ፣
ሹኩር ከኔ ቀድሞ ሣጥን እየገፋ።

ሰላጣ ምስጢር ነው፤ ፀሐይ ከሰማችው አበቃለት።
አንድ ሰዓት ላይ የቆረጡት
እንደ ረጠበ ካልሲ ከጣት ላይ ይዝላል፣
በረዶ ውሃ ቢነክሩት እንኳ ቂሙን ይይዛል።

ቀድሞ እዚህ ምንጭ ነበር ትላለች ሐጂያ ዘክያ፣
በልጅነቷ የዋኘችበት፣ እዚያ፣ ከቴምሮቹ ወዲያ።
ዛሬ ጉድጓዱ ጨው ነው፤ ውሃ በቦቴ ይመጣል፤
ሹኩር ቧንቧውን ሲከፍት "ቢስሚላህ" ይላል፣
እኔ ጠብታውን እቆጥራለሁ፣ እንደ ደሞዝ።

መድኃኒት ክልክል ነው፣ እንዲያ ነው ውላችን፤
ትሉን የሚለቅመው ሃያው ጣታችን።
ሹኩር ለእያንዳንዱ ትል ስም ያወጣል፤
ደሞዙን የበሉትን የድሮ አሠሪዎቹን እየጠራ
አንድ በአንድ ለዶሮ ይሰጣል።
እኔም ትናንት አንዲት ወፍራም ትል አገኘሁ፣
የሪፋዋን እመቤቴን ስም ሰጠኋት።
ለዶሮዎቹ ግን አልሰጠኋትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ከአጥሩ ውጭ፣ አረም ላይ አስቀመጥኳት።

የተቆረጠው በሦስት ገንዳ ይታጠባል፤
አንዱ ለአፈሩ፣ አንዱ ለአሸዋው፣
ሦስተኛው ለሐጂያ ዓይን።

አንድ ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ሀርቡ።
"ምን ሥራ ያዝሽ?" አለች ከሰላምታው ኋላ።
"ቅጠል ነው የምቆርጥ።"
ዝም አለች። ዝምታዋ ካርዴን በላ።
"ጫት?"
"ኧረ እመይ! ሰላጣ ነው፤ ለምሳ የሚበላ።"
"ጥሬውን?"
"ጥሬውን።"
"ታዲያ ላሞቻቸው ምን ሊበሉ ነው?" አለች፤
ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል ሳቅን።

ደግሞ ጀርጅር አለ፣ ቅጠል የመሰለ ሰናፍጭ፣
አፍንጫ ቀስቃሽ፣ ምላስ ቆንጣጭ።
እሱን ሲቆርጡ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ይባላል፤
ልቡን ከተዉለት
በአሥራ ሁለት ቀን ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይመጣል።
ይህን ሹኩር ሲያስተምረኝ ቢላው እጄ ላይ ቆመ።
ሪፋ ሳለሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
ማን ነበር ሁለት ጣት የተወልኝ?

ሐሙስ የሆቴሉ ሰውዬ በነጭ መኪና መጣ፤
ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳ ቆጠረ፣
"ይሄ ተበልቷል" ብሎ ሦስት ሣጥን መለሰ።
ሐጂያ ምርኩዟን ተደግፋ፣
"ትል ያልቀመሰውን እኔ አልቀምሰውም" አለችው፣
ደግሞም በትሕትና እስከ በሩ ሸኘችው።
የተመለሰውን እኔና ሹኩር በሎሚና በጨው፣
መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ የቻልነውን ያህል በላነው።
እንደ ላም፣ እመይ። እንደ ላም።

አሁን ሚያዝያ ገባ፤ ንፋሱ እሳት አዝሏል።
ሰላጣው አንገቱን አስግጎ ሰማይ ሰማይ ያያል፣
ሲቆርጡት ነጭ ያነባል፣ ሲቀምሱት ይመራል።
"ንቀሉት" ተባለ። ነቀልን።
ጥግ ያሉትን አራቱን ግን እንዳላየ አለፍኳቸው።
አበባ አወጡ፤ ቢጫ፣ ከሸሚዝ አዝራር የሚያንስ፤
ከዚያ ጥጥ የመሰለ ነገር።
ዘሩን የባሕር ንፋስ እንዳይወስድብኝ
ሁለቱን በአሮጌ ሻሼ አሰርኩ፤
ለሁለቱ ጨርቅ አጠረኝ።

ሐምሌ ላይ ውሌ ያልቃል። ሹኩር በሰባራ አረብኛው
"ትቀሪያለሽ? ትሄጃለሽ?" ይለኛል።
የቆረጥኩት ቅጠል ነው፣ እለዋለሁ፤
ልቤን ገና ነኝ።
ይህ በአረብኛ አይገባም፤ እሱም አልገባውም፤
ሣጥኑን እየገፋ ይሄዳል።

ዛሬ ሌሊት ባትሪዬን ወደ ጥጉ ባበራ
የቀሩት ሁለቱም ታስረዋል፤
በጥቁር ሻሽ፣
ኡድ ኡድ በሚል፣
ቋጠሮው የአሮጊት እጅ፣ የላላ።
ፈትቼ አጠበቅኩት። ከዚያ ወደ ቢላዬ።