የአዛናው ዱቄት

ከኳስ ስመለስ ማታ፣ ትከሻዬ ነጥቶ፣
ውባለም በሩ ላይ፣ ሳቋ ቀድሟት ወጥቶ፣
«ሜዳ ነው የዋልከው፣ ወይስ እህል ፈጭተህ?»
ትለኝ ነበር ኮቴን እየመታች፣ «ደግሞ ከማን ጋር ተጋፍተህ?»

ከአዛናው ጋር ነዋ።
የሳሙና በሩ ባለወፍጮ፣
በስንዴ ቀን ሽማግሌ፣ በዳጉሳ ቀን ጎረምሳ፣
ሲስቅ ከቅንድቡ ላይ ጉም የሚያስነሳ።
እሱ የቀሃ ነው። እኔ የአንገረብ።
አንዷ የድንጋይ እርከን፣ ከመሃል መስመሩ ትይዩ፣
ትበቃን ነበር ጠጋ ጠጋ ብለን ስንሰበሰብ።

መግቢያው ያኔ አንድ ነው፤ ትኬቱም አንድ ቀለም፤
ቆራጩ እጅህን እንጂ አንገትህን አያይም።
ቀዩ ከሰማያዊው፣ እንደ ጉልባን ተደባልቆ፣
ማን የማን እንደሆነ ጎል ሲገባ ነው የሚለየው፤
ግማሹ ብድግ ይላል፤ ግማሹ ይቀራል
የተነሳውን ሰው ጀርባ እያየ፣ ተሳቅቆ።

ውርርዳችን ሸንኮራ፦ የተሸነፈ ይገዛል፣
ያሸነፈ ይልጣል፤
የሥሩን አንጓ፣ ጣፋጩን፣ ማን ይውሰድ የሚለው ጭቅጭቅ
ከጨዋታው ይረዝማል።
ሻጯ ዝማም ማንን እንደምትደግፍ የሚያውቅ የለም፤
«የሚመራውን አልወድም» ትላለች፣ «የጠገበ ሰው አይገዛም።»

እረፍት ሲነፋ
ከጎሎቹ ጀርባ ያለው ሕዝብ ቦታ ሊለዋወጥ ይነሳል፣
ቡድኑ ወደሚያጠቃበት፣ በማዕዘኑ ባንዲራ በኩል ያልፋል፤
ያኛው ወዲህ፣ ይሄኛው ወዲያ፣
ከከተማው በታች ቀሃና አንገረብ እንደሚገናኙት፣ በነሐሴ፣ ደፍርሰው፣
የቱ ጭቃ የማን እንደሆነ አንዱም ሌላውን ሳይጠይቀው።
«በረኛችሁ ወንፊት ነው!» ይላል የሚያልፈው።
«አጥቂያችሁስ? ሐውልት! እርግብ አርፎበታል፣ እዩት!»
ከዚያ ክብሪት ይዋዋሳሉ።
እኔና አዛናው አንነሳም። መሃል ነና።
አንገታችንን ብቻ እናዞራለን።

አንድ እሑድ ድንጋይ መጣ። ከየት? አልታወቀም።
ከእነሱ ነው የሚል ከእኛ፣ ከእኛ ነው የሚል ከእነሱ አልጠፋም።
የመስመር ዳኛው ግንባር ደማ።
በሳምንቱ ገመድ ተወጠረ፣ በወሩ ገመዱ ቆርቆሮ ሆነ፤
ትኬቱ ቀለም አወጣ፤ በሩም ሁለት፣ ሰልፉም ሁለት፣
ፖሊሱ በዱላው ጫፍ፦ «ቀይ በዚህ! ሰማያዊ በዚያ!»

አዛናው ሻርፑን ኪሱ ከትቶ ከኋላዬ ተሰለፈ።
«አንተ የምን ነህ?» አለው።
«ነጭ ነኝ» አለ፣ እጅጌውን እያራገፈ፣
«የነጭ በር የታለ?»
ፖሊሱ ሳቀ።
ዱላው ግን አልሳቀም።

ደህና ሆነ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ግንባሩ የደማ የለም።
እውነት ነው። እኔም የሰው ደም አልወድም።

በወሩ መጨረሻ እኛ አገባን። ዘለልኩ።
ልማድ ሆኖብኝ ወደ ቀኝ ዞርኩ፣
ያንን የሚቃጠል ፊት ፍለጋ።
ቀይ ሻርፕ። እንደኔ የሚዘል። ከሱ ቀጥሎም ቀይ።
«እሰይ!» አለኝ። «እሰይ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?
የሚናደድልኝ ሰው አጣሁ፤ ደስታዬ አፌ ውስጥ ቀረ፣
ሳይላጥ እንደቀረ ሸንኮራ።

ከቆርቆሮው ማዶ፣ ሩቅ፣ አንድ ነጭ ጭንቅላት ያየሁ መሰለኝ።
ምናልባት የስንዴ ቀን ነበር።
ምናልባት እውነትም አርጅቶ ይሆናል።

ማታ ውባለም በሩ ላይ ኮቴን መታች፣ እጇ ለምዶ።
አንዴ። ሁለቴ።
መዳፏን ወደ መብራቱ አዙራ አየችው።
ምንም አልወጣም።