ቁርስ

ከደንቆሮ በላይ፣ ጉም ሣሩን ሲልሰው፣
ጓሳው ውስጥ ተኝተን ሦስት ቀን ጠበቅነው።
ባትሪው በብርድ ደክሞ፣ ብብቴ ሥር ሳሞቀው፣
«አብሽር» ይላል አሊጋዝ፣
«እሱ ሰዓት ያውቃል፣ እኛ ነን ማናውቀው።»

በአራተኛው ንጋት፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ ከጅባራው ቅጠል፣
መጣ ቀይ ቀበሮ፣
አንድ ፍም ብቻውን ባመድ ላይ ሲቃጠል።

አላየንም እኛን።
ዓይኑ ከጉድጓድ አፍ፣ ትንፋሹን ዋጥ አርጎ፣
አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ጆሮውን ሰርጎ፣
ፍልፈሏ አፈሩን ከውስጥ ስትገፋ፣
ሊዘል ሲል፣ ልክ ሊዘል፣
ጣቴ አላስችል አለው —
ቀጭ!

ፍልፈሏ ሰመጠች።
እሱ ዞሮ አየኝ።
ቁጣም አልነበረው፤
ከድግስ ደጃፍ ላይ እንደተመለሰ እንግዳ ሰው ሆኖ፣
ጥቂት ቆመና ሄደ፣ በጉም ተሸፍኖ።

አሊጋዝ ሣር ነቅሎ እያኘከ ሳቀ፤
«ቁርሱን በላህበት!»
አለና ተነሥቶ ትጥቁን አጠበቀ።

ፎቶው ደሴ ፒያሳ ካንድ ካፌ ግድግዳ ተሰቅሏል ዘንድሮ፤
«እንዴት ቢወድህ ነው
እንዲህ ትክ ብሎ የሚያይህ ቀበሮ?»
ይሉኛል ሰዎቹ።
እኔ ማኪያቶዬን ዝም ብዬ አማስላለሁ፤
ዳቦ ያዘዝኩ ለታ ግን፣
ጀርባዬን ለፎቶው ሰጥቼ እበላለሁ።