የእጅ

ሦስት መስመር ነው ደረሰኙ፣ ጠርዙ በግሪስ የታተመ፤
ካቦ፣ ዘይት፣ የእጅ። ዓይኔ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ካቦው ሦስት መቶ ሃምሳ፤ ይሁን፣ በሜትር ይለካል፤
ዘይቱ ስድስት መቶ፤ እሱም በሊትር ይቀዳል፤
"የእጅ" ግን ሺህ ሦስት መቶ!
እጅ በምን ይሰፈራል?

ከጎማ በተሠራ ወንበር፣ ከኒሟ ሥር ተቀምጬ፣
በጋዜጣ እያራገብኩ፣ ሰዓቴ ላይ አፍጥጬ፣
ሃያ ደቂቃ ቢሞላ ነው፤ ላብ የተጠረገበትን ጨምሬ፣
ከብየዳ ቤቱ ልጅ ጋራ የተፎጋገሩበትን ቆጥሬ።

ሳቢያን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፤ ቆርቆሮው ራሱ ያልበዋል።
"አቦ ሻፊ!" አልኩ፣ "እንዴ! አላህም እግዜርም ያያል፤
ሃያ ደቂቃ በዚህ ዋጋ፣ ሞተር ወረደ ይባላል?
ቀፊራ ያለው መካኒክ አራት መቶ ነው የሚለኝ።"
(ለዚሁ ድምፅ ሦስት ጊዜ መክፈሌን ግን ምን አስነገረኝ።)

አልተቆጣም። በናፍታ የራሰ ጨርቅ ፈለገ፣
ጣቶቹን አንድ ባንድ ያዘ፣
ከመሐለኛው ቀጥሎ
የሌለውንም ጠረገ።

ያን የሌለ ጣት አውቀዋለሁ።
ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሁለት ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

እንጀራዬ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ነው፤ ጠረጴዛ፣ ጃንጥላ፣ ካርቦን፤
"አመልካች" እያሉ መጻፍ፣ በሰው ፋንታ ማዘን።
ሻፊ ያኔ ተቀጣሪ ነበር። ቺንጋ ሊያጠብቅ ጎንበስ እንዳለ
አንዱ ሳያይ ቁልፍ አዞረ፤ ቬንቲላቶሩ ጣቱን ነጠለ።
ቀለበቱ በማግስቱ ከአሸዋው ውስጥ ተገኘ።
ጣቱን የፈለገ የለም።

ሐኪም በመቶኛ አሰላው፤ ድርጅቱ አሥራ አንድ ሺህ ሰጠ።
ይግባኝ ጻፍኩ፦ "እጅ የሠራተኛ ማሳ ነው፤
ከአመልካች ማሳ አንድ ትልም ተቆረጠ።"
ያማረ ነበር። መዝገቡ በአንድ ሐሙስ ቀን ተዘጋ።
ለጽሑፌ ሁለት መቶ ብር ተቀበልኩት፤
ሰዓት አላየብኝም፤ አላለኝም "ይሄ ዋጋ?"

አሁንም ያንን አላነሳም።
"አባቴ" አለ፣ "የምድር ባቡር ሰው ነበር፤
በፊሽካ ይገባል፣ በፊሽካ ይወጣል፤
ብሎን ቢያጠብቅ ቢያላላ፣ ደመወዙ በወሩ ይመጣል።
እኔን ግን ብሎን በቆጠርኩ ቁጥር ሰው ሌባ ይለኛል፤
ሳልቆጥር ብለቅ ደግሞ አከራዩ ይቆጥረኛል።"
ከዚያ ስለ ግብር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስለሚጠጣው ነዳጅ፣
ተውሳ ስለማትመለስ ካቻቢቴ፣ ሳይከፍል ስለሚሄድ ወዳጅ፤
"ሁሉም እዚህች መስመር ውስጥ ነው" አለ፣
"እዚህች ላይ፣ በ'የእጅ'።"

እሺ። ግን ከባጃጄ ሥር ተጋድሞ የነበረው ማን ነው?
ሻፊ ቆሞ ድምፅ ሰማ፤ "ካቦ ነው" አለ፤ ሌላው
በሙሉ የኢልያስ ሥራ ነው፤
አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቀን መቶ ሃምሳ፣ ምሳ ከጋራ ሳህን።
ከሺህ ሦስት መቶው ስንቱ ወደዚህ ልጅ ይወርዳል?
የማን እጅ ነው "የእጅ"?
ጆሮስ የት መስመር ላይ ይጻፋል?

ተከራከርኩ። መቶ ቀነሰ። ሃምሳውን ለልጁ ሰጠሁ፤
ሳይቀበል ሻፊን አየ።
ያን አስተያየት አልረሳሁ።

ማርሿ ቅቤ ሆኖልኝ የደቻቱን ድልድይ ተሻገርኩ፤
"ተበላሁ ወይስ በላሁ" ስል፣ ስደምር ስቀንስ አደርኩ።

ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። የአጥር ክርክር፣ አንድ ገጽ።
"ሦስት መቶ?" አለች፣ "ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብህም!"

እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አየኋቸው።
አሥርም ናቸው።

ሃምሳ ቀነስኩላት።