ገላን ላይ የታሰረች

ከጂቡቲ መንገድ፣ ከገላን ጓሮ ላይ፣
ቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ከኮንቴይነር ጀርባ፣
ቀረጧ ሳይከፈል ስድስት ክረምት ያየች
ቆማለች አንዲት ነጭ የመዝናኛ ጀልባ።

ጎማዋ ተንፍሷል። ከሆዷ ሥር ድመት
በየዓመቱ ይወልዳል።
“የማን ናት?” ብለህ ብትጠይቅ፣
“ጉዳዩ ተይዟል።”
“ባለቤቱስ?”
“ይመጣል።”

እኔ የምንጃር ልጅ፣ ውሃን በጀሪካን
ለክቼ የጠጣሁ፣
ባሕርን ሦስተኛ ክፍል ካርታ ላይ
በሰማያዊ እርሳስ የቀባሁ፣
ዱላና ባትሪ ይዤ፣ ዘበኛ ተብዬ
ከእሷ ዘንድ መጣሁ።

ከኔ በፊት ያለ፣ የሌሊቱ ጌታ፣
ጋሽ ለጥይበሉ ነው፤
ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ ጨው የበላበት ሰው።
አዛዥ አልነበረም። ገመድ ያዥ ነበረ፤
መርከብ ሲመጣ ዘሎ የሚያስረው፣
መርከብ ሲሄድ ፈቶ የሚለቅቀው።

ማታ ተራ ሲይዝ አጥሩን አይዞርም።
መጀመሪያ ገመድ፦
ከባሕር ዛፉ ግንድ እስከ አፍንጫዋ ድረስ
ያጠብቃል፣ ያላላል፤ “ማዕበል ሲመጣ እንዳትጋጭ።”
“ማዕበል ከየት ይመጣል?” ብዬ ብጠይቀው
ሽቅብ ዛፉን አየ፤
“ይሄስ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ምን አለው?
ስሙን ነው።
አንዳንዴ ይበቃል።”

ከወንበሯ ኪስ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፣
መታጠፊያው ላይ የሳሳ፤
ባለቤቱ ያኔ ሊሠራ ያሰበው ማሪና፦
ተንሳፋፊ ድልድይ፣ እንደ በቅሎ የታሰሩ ጀልባዎች፣
ነዳጅ ማደያ፣
ነጭ ሱሪ ለብሶ፣ ብርጭቆ ይዞ የሚስቅ ጎልማሳ፤
ከግርጌው፦ “ጠዋት ወደ ሪፍ ሽርሽር፣ ማታ ዓሣ።”

ጋሽ ለጥይበሉ ሥዕሉን አይወድም።
“ድልድዩን ነፋስ ፊት አቆሙት፤ ዓመት አይቆይም” ይላል።
ግን አጥፎ፣ አለስልሶ፣ እዚያው ኪስ ይመልሳል።

አንድ ሌሊት ወጣን። መሪውን አስያዘኝ።
ከፊታችን የብሎኬት ክምር፣
ብረታቸው ወደ ሰማይ የቀረ ፎቆች፣
የፍጥነት መንገዱ መብራት ይፈሳል።
“ቀለሙን አንብብ” አለኝ። “ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ሂድ።
አረንጓዴ ከሆነ ቀስ።
ቡናማ ካየህ ሪፍ ነው፤ ድንጋይ የሚመስል ነፍስ።
እሱም ይቆርጥሃል፣ አንተም ትገድለዋለህ።
ፀሐይ ከኋላህ ካልሆነች አትቅረበው።”
“አሁን እኮ ሌሊት ነው።”
“ታዲያ ለዚህ አይደል የቆምነው?”

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ከላይ የኮንዶሚኒየሙ ቦይ ሞልቶ
ቆርቆሮውን ገፍቶ ገባ፦
ጭቃ፣ ፌስታል፣ የአንድ እግር ጫማ፣
ከጉልበቴ በላይ። እና፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣
ከጋሪዋ ላይ አንድ ስንዝር ያህል
ተነሣች ጀልባ።

ገመዱ ተወጠረ። ባሕር ዛፉ አቃሰተ።
ሽማግሌው ከፊቷ ቆሟል፣
በካፖርቱ፣ በላስቲክ ጫማው፣
ብብቱ ውስጥ ድመቶቹ ይጮኻሉ።
“ፍታ!” አለኝ በማላውቀው ድምፅ፣
በሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ። “የፊቱን ፍታ!”
ፈታሁ።

ምን ያህል ሄደች? ከግንዱ እስከ ሽንት ቤቱ።
አሥራ አንድ እርምጃ፤ ሲነጋ ቆጥሬዋለሁ።
ስትሄድ ግን ኮቴ የላትም፤
ቀስ ብላ ዞረች፣ ስሟን የጠራት ያለ ይመስል።
ባትሪዬን ውሃው ላይ አበራሁ፦
ቡናማ። ዳር እስከ ዳር ቡናማ።
“ሪፍ!” ብዬ ጮህኩ።
ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሲነጋ ውሃው የለም። እሷ በጎኗ ተጋድማለች።
ተቆጣጣሪው ሱሪውን ሰብስቦ መጣ።
“ማን ነው የነካት?”
ዝም አልን።

የተራ መዝገብ አለን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ
አንድ ቃል የሞላው፦ “ሌሊቱ ሰላም ነው። ምንም የለም።”
ጋሽ ለጥይበሉ እስክሪብቶ ለመነኝ።
ቀኑን ጻፈ። ሰዓቱን። የነፋሱን አቅጣጫ።
ቀጥሎ፣ ሳይቸኩል፦
“ጀልባዋ ወጣች። ተመለሰች።
ሰው አልጎደለም። ድመት አራት።”
ፈረመ።
አስፈረመኝ።